ደብረ ብርሃንን ለብስክሌት፦ ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ

የብስክሌት ከተማ ሲባል ቶሎ የሚጠሩት ባሕር ዳርና ሀዋሳ ናቸው። ሜዳ ናቸው፣ ሐይቅ አላቸው፣ አየራቸው ይስማማል። ደብረ ብርሃን ስትጠራ ግን አፍ ላይ የሚመጣው ብርዱ፣ ነፋሱና ብርድ ልብሱ ነው። «በዚህ ውርጭ ማን ፔዳል ይረግጣል?» የሚል አይጠፋም። ቀልድ ቢመስልም መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ለእኔ ግን ከተማዋን ከብስክሌት የሚያርቃት ከውርጩ ይልቅ መንገዷ ነው። ውርጭ በሹራብና በጓንት ይቻላል። (ጋቢ አይመከርም፤ ካቴና ውስጥ ይገባል።) ከኋላ እየጮኸ የሚመጣ ተሳቢ ግን በምንም አይቻልም።

ከአየሩ እንጀምርና እንገላገለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንሽ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ለምዶታል። ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ነጂው የሚገፋው አየርም ይቀንሳል። አስቸጋሪው ነፋሱ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣበት፣ አየሩ የሚይዘው በ30 ኪሎ ሜትር እንደሚበር ሰው ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ጫና አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሻ በሆነ ከተማ ሜዳ ላይ ተገልጦ የሚሄድ የብስክሌት መስመር ያለ ዛፍ አይሆንም የሚባለው ለዚህ ነው። ዛፉ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ነፋስ ይሰብራል።

ቀጥሎ ዳገቱ ነው። መቶ ሜትር ሲኬድ 3 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ለማንም አይከብድም። 5 ሜትር ከፍ ሲል አጭር ከሆነ ይቻላል። 8 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን አብዛኛው ሰው ወርዶ ይገፋል። ስለዚህ ከመንደፍ በፊት የእያንዳንዱን መንገድ ዳገትነት ካርታ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ብልሃት አለ። መንገዱ ጠቦ ለሁለቱም አቅጣጫ መስመር ካልበቃ፣ ለዳገቱ ወገን ብቻ ይሰጣል። ዳገት የሚወጣ ሰው ቀስ ይላል፣ ይወላገዳል፣ ግራና ቀኝ ይላል፤ ከመኪና መራቅ ያለበት እሱ ነው። ቁልቁለት የሚወርደው ከመኪናው ጋር በተቀራራቢ ፍጥነት ስለሚሄድ አብሮ መጓዝ ይችላል።

በሰሜን ሸዋ ደግሞ ከተማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ደብረ ሲና ገደል ላይ የተንጠለጠለች ናት፤ እዚያ ገንዘቡን ደረጃና የእግረኛ መንገድ ላይ ማዋል ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ እዚያ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጥላ ነው። ለአንዱ የተሠራውን ፕላን ለሌላው ገልብጦ መስጠት ዋጋ የለውም።

ፈተናው ማን ላይ ነው?

መንገድ ለብስክሌት ተመቸ የሚባለው መቼ ነው? ጎበዝ ጎረምሳ ከአይሱዙና ከባጃጅ መሃል እየተሹለከለከ ማለፍ ስለቻለ አይደለም። እሱ መንገድ ባይኖርም ይነዳል። መለኪያው የ12 ዓመት ልጅ ነው። ወላጅ ሳይጨነቅ ብቻዋን ወደ ትምህርት ቤት በብስክሌት ይልካታል ወይ? ሌላው መለኪያ ከፋብሪካ ሽፍት የምትመለስ ሠራተኛ ናት። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካዎችና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ ናት። የሠራተኛው ደመወዝ ደግሞ ይታወቃል። በየቀኑ ለባጃጅ ወይም ለታክሲ የሚወጣው ሳንቲም ከወር ወር ሲደማመር ቀላል አይደለም። በእግር አንድ ሰዓት የሚፈጀው 5 ኪሎ ሜትር በብስክሌት 20 ደቂቃ ነው።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ይዞ ከተማውን መዞር ነው። ከቤት ወጥተው እስከ በር ድረስ የሚሄዱበትን መንገድ ሁሉ ማየት ነው። አብዛኛው ጊዜ ሁለት ኪሎ ሜትሩ ደህና ሆኖ ሀያ ሜትሩ ሁሉን ያበላሻል። አንድ አደባባይ፣ አንድ ጠባብ ድልድይ፣ ክዳኑ የጠፋ አንድ ቱቦ። የብስክሌት መስመር እንደ ውሃ መስመር ነው። መሃሉ ላይ አንድ ሜትር ከጎደለ፣ የቀረው ኪሎ ሜትር ሙሉ ቢዘረጋም ውሃው ቤት አይደርስም።

ለዚህ ነው «ዘንድሮ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ ሠራን» የሚለው ሪፖርት ብቻውን የማያስደስተኝ። ከየት ወደ የት? ከምን ጋር ይገናኛል? የስፔኗ ሴቪያ በዚህ ትጠቀሳለች። ብስክሌት የሚነዳ ሰው እምብዛም ያልነበረባት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ከመኪና የተለየ 80 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ዘረጋች። የነጂው ቁጥር ብዙ እጥፍ አደገ። ቁርጥራጭ እየሠሩ አሥር ዓመት ከመቆየት፣ ትንሽም ቢሆን የተያያዘውን በአንዴ መሥራት ሰውን ያወጣል። ለእኛ ትንሽ ማለት ጥቂት ትምህርት ቤቶችን፣ ገበያውን፣ ዩኒቨርሲቲውንና የፋብሪካ በሮችን የሚያገናኝ መረብ ነው። እንደ በሬሳ ያለ ወንዝ ባለበት ደግሞ ድልድዩ መጀመሪያ ይታያል፤ ሁሉም መንገድ እዚያ ላይ ይጠባልና።

ትልቁ አስፋልት የማን ነው?

የደብረ ብርሃን ራስ ምታት ዋናው አስፋልት ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ ወደ ደሴና መቐለ የሚዘልቀው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ከተማዋም ይህንኑ ተከትላ ረዝማለች። ከጠባሴ ወደ መሃል ከተማ የሚሄድ ተማሪ ከሲኖና ከተሳቢ ጋር ይጋፋል። እዚህ ላይ የአስተዳደር ጉዳይም ይመጣል። አገር አቋራጭ መንገድ በፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥር ነው። የከተማው አስተዳደር ብቻውን ተነሥቶ ጠርዙን ልቀይር ቢል ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር መስማማት አለበት። ደብዳቤ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ይመጣል። ይህ ያለቀ ጉዳይ ይመስል ዋናው አስፋልት ላይ ጀምሮ እዚያው የሚቆም ፕላን ብዙ ነው።

የሚሻለው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ለዋናው አስፋልት ንግግሩ ይጀመር። እስከዚያው ከአስፋልቱ ጋር ትይዩ የሚሄዱት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ይያያዙ። እነሱ በከተማው እጅ ናቸው። መኪናም አይበዛባቸውም። ብዙ ወጪም አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው።

ስለ ፍጥነት ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ ርካሽና ከሁሉ የተዘነጋው እሱ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሹፌር ልጅ ዘው ብትልበት፣ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ባለው አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ነው። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መኪናው ተንሸራትቶ የሚቆምበት ርቀት ደግሞ በ50 ላይ ከ30ው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በ30 የተገጨ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር የመትረፉ ዕድል በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ መኪና ጥቂት በሆነበትና ከ30 በማይበልጥበት መንገድ ላይ የተለየ የብስክሌት መስመር እንኳ አያስፈልግም። አብሮ ይኬዳል።

ታዲያ 30 የሚል ታፔላ መትከል ብቻውን ማንንም አያቆምም። ትራፊክ ፖሊስ በየመንደሩ አይቆምም። ሹፌሩን የሚያዘገየው የመንገዱ ቅርጽ ነው። ጠበብ ያለ መግቢያ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራ፣ ጉብታ። ጉብታ ሲሠራ ግን ጫፉ ላይ ለብስክሌት አንድ ሜትር ያህል ሜዳ ይተው። ካልሆነ ባለ ብስክሌቱ ጉብታውን ለመሸሽ ወደ ቱቦው ይጠጋል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

መንገዱን በሜትር መከፋፈል

«ለመኪና ያልበቃ መንገድ ለብስክሌት ከየት ይመጣል?» ይህ በየስብሰባው የሚነሣ ነው። እስቲ ሜትር እንያዝ። ከአጥር እስከ አጥር 15 ሜትር የሆነ መንገድ አለን እንበል። በየጎኑ ለእግረኛ 2 ሜትር፣ በጠቅላላ 4 ሜትር። በየጎኑ ለብስክሌት 2 ሜትር፣ ይህም 4። በመኪናና በብስክሌት መሃል በየጎኑ ግማሽ ሜትር መለያ ጠርዝ፣ አንድ ሜትር። የሚቀረው 6 ሜትር ነው፤ ለመኪና 3 ሜትር መሄጃ፣ 3 ሜትር መምጫ። በቃ። የውሃ ቱቦው ክዳን ይደረግለትና ከእግረኛው መንገድ በታች ያልፋል። በዚህ ክፍፍል ውስጥ የሌለው መኪና ማቆሚያ ነው። ጠቡም የሚነሣው እዚያ ላይ ነው፤ ባለ ሱቁ ደንበኛዬ የት ያቆማል ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ ስምንትና ከዚያ በላይ ብስክሌት ይይዛል። ስምንት ደንበኛ ከአንድ ይሻላል።

መንገዱ 10 ሜትር ብቻ ከሆነስ? ያን ጊዜ አይለይም፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አብሮ ይኬዳል። ሁሉንም ቦታ ላይ መስመር ካልቀባሁ የሚል ፕላን ማየት ከጀመራችሁ ሰውየው ሜትር አልያዘም ማለት ነው።

ስለ አቅምም ካነሣን፣ የከተማ ትራንስፖርት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ። አንድ የመኪና መስመር በግል መኪና በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው ስፋት ለብስክሌት ቢሰጥ እስከ 7,500 ይደርሳል። የእኛ ከተማ ይህን ሁሉ ሰው በአንድ መንገድ ላይ አያወጣም። ቢሆንም መንገዱ የሚለካው በመኪና ቁጥር ሳይሆን በሚያሳልፈው ሰው መሆኑን ያሳያል።

አሁን ወደ ትናንሽ ነገሮች እንምጣ። ፕላን የሚሞተው በትናንሽ ነገር ነው። የብስክሌት መስመር ተሠርቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባጃጅ ይገባበታል። መፍትሔው መግቢያው ላይ መሃሉን አንድ አጭር ምሰሶ መትከል ነው። 2 ሜትሩ ላይ ምሰሶው ሲቆም ግራና ቀኝ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀራል። ብስክሌትም ተሽከርካሪ ወንበርም ያልፋል። ባጃጅ ስፋቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ስለሆነ አያልፍም። ጋሪም አይገባም። ሞተር ሳይክል ግን ይገባል፤ ለእሱ ምሰሶ አይሠራም፣ ቅጣት ነው። ምሰሶው ነጭ ይቀባ፣ የሚያበራ ነገር ይለጠፍበት፤ ካልሆነ ማታ ራሱ ባለ ብስክሌቱ ይላተምበታል።

ኮብሉም አንድ ጉዳይ ነው። የሰፈር ኮብል ለጭቃ ደግ ውለታ ውሏል። ለብስክሌት ግን ያንገጫግጫል፤ የኋላ ወንበር ላይ እንቁላል የጫነ ሰው ያውቀዋል። ኮብሉን ማንሣት አያስፈልግም። ጠርዙ ላይ አንድ ሜትር ያህል ኮንክሪት ወይም ገጹ ተስተካክሎ የተጠረበ ድንጋይ ማንጠፍ ይበቃል። የቱቦ ፍርግርግም ይታይ። ብረቶቹ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተደረደሩ የብስክሌት ጎማ ዘው ይላል፣ ነጂውም በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል። ፍርግርጉን አዙሮ መግጠም ከሐምሌና ነሐሴ ዝናብ በፊት በየሰፈሩ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው። ውሃ ሲሞላው ደግሞ ጉድጓዱ አይታይም።

መጋጠሚያ ላይ ያለውን አደጋ ማለፍ አይቻልም። መኪናችን መሪው በግራ ነው፤ የምንነዳው በቀኝ። ትልቅ መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ከቀኝ ጎኑ ተጠግቶ የቆመው ባለ ብስክሌት ለሹፌሩ አይታየውም። ሹፌሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቦታው ከመስታወቱ ያመልጣል። ስለዚህ የብስክሌት መቆሚያ መስመሩ ከመኪናው ቀደም ብሎ ይሠመራል፤ ባለ ብስክሌቱ ከሹፌሩ ፊት ለፊት እንዲቆም። የማዕዘኑ ጠርዝም ሰፊ ቅስት አይሁን። ቅስቱ ሲሰፋ ሹፌሩ ሳያዘገይ ይታጠፋል፤ ሲጠብ ግን ማዘግየት ግዴታው ነው። ገንዘብ አንሶ አንድ ነገር ብቻ መሥራት የሚቻል ቢሆን፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ቀለም አንድ መጋጠሚያ አስተካክሉ እላለሁ።

ሌላው ጉልት ነው። መስመሩ ለስላሳና ንጹሕ ከሆነ ሽንኩርትና ቲማቲም የያዙ እናቶች ይዘረጉበታል። ደንብ አስከባሪ ያባርራቸዋል፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ይህ የሥርዓት ጉድለት ብቻ ተደርጎ ይወራል። እነሱ የሚቀመጡት ሰው በሚያልፍበት ነው፤ ንግድ ያው እንዲህ ነው። ሲነደፍ ጀምሮ ከመስመሩ አጠገብ ለጉልት የሚሆን ቦታ ካልተተወ ማባረሩ አያልቅም።

በወረቀት ላይ ምን አለ?

ሐሳቡ ከየትም አዲስ የመጣ አይደለም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. የአሥር ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል፤ እግረኛንና ብስክሌትን የሚመለከት ነው። ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተጀምሮ በወር አንድ እሑድ መንገዶች ለመኪና ይዘጉ ነበር። የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክልል ከተሞች ሲሄድ የብስክሌት መስመር ይዞ ነው። ጅምሩ ጥሩ ነው። የምፈራው ለዕይታ የሚመች ዋና መንገድ ላይ ብቻ እንዳይቀር ነው። ያቺ የ12 ዓመት ልጅ የምትኖረው ከዋናው መንገድ ኋላ፣ ፒስታው ላይ ነው።

ነዋሪው የሚገባበት በር የት ነው? በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሁለት ዓይነት ፕላን አስቀምጧል። አንዱ መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ከተማውን በሙሉ ይዞ ለአሥር ዓመት ያገለግላል። የመንገዶች ስፋት የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ሌላው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው፤ ሰፈርን በቅርበት ያያል። ሁለቱም ከመጽደቃቸው በፊት ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለባቸው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ ብዙዎቻችን የምናነሣው የካርታ፣ የካሳና የውሃ ጉዳይ ነው፤ ተገቢ ነው። አብሮ መጠየቅ ያለበት የመንገዱ መቁረጫ ሥዕል ነው፤ ማለትም ከአጥር እስከ አጥር ያለው ሜትር ለማን ስንት እንደተሰጠ የሚያሳየው። ሥዕሉ ላይ የብስክሌት ቦታ ካልተያዘ ኮንትራክተሩ ሊሠራው አይችልም። ጨረታ ከወጣ በኋላ መጮህ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከመሥራት በፊት ሙከራ የሚባል ነገርም አለ። አንድ ትምህርት ቤት አካባቢ ያለውን መንገድ በኮንክሪት ብሎክና በቀለም ለጥቂት ወር ለይቶ ማየት። ካልሠራ ብሎኩ ይነሣል፤ የጠፋው ቀለም ነው። በዚያው ጊዜ ይቆጠር። ጠዋት ትምህርት ሲገባና ማታ ሲወጣ፣ ሽፍት ሲቀየር፣ በገበያ ቀን። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ልጅ። ሴትና ልጅ ካልታየ መንገዱ ገና ያስፈራል ማለት ነው፤ የነጂው ድምር ቢበዛም።

ብስክሌት ማሠሪያም ቀላል ነው። የተቆለመመ የብረት ቱቦ መሬት ውስጥ በኮንክሪት ይቀበራል፤ አንዱ ሁለት ብስክሌት ይይዛል፣ በአንዱና በሌላው ቱቦ መሃል አንድ ሜትር ይተዋል። ጥበቃው ባለበት፣ ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን። ከጓሮ የተተከለ ማሠሪያ ለሌባ የተዘጋጀ ነው። አጠገቡ ጎሚስታ ቢኖር ደግሞ ካላማዳሪ የፈነዳበት ሰው ሥራው ላይ አይቀርም።

በመጨረሻም መጥረግ ነው። የብስክሌት መስመር ጠርዝ ላይ ስለሆነ የመንገዱ አሸዋ፣ ጠጠርና ስብርባሪ ጠርሙስ ሁሉ የሚሰበሰበው እሱ ላይ ነው። በጎርፍ ጊዜ ደለል ይሞላዋል። በጀት ሲያዝ ለመሥሪያ ብቻ ተይዞ ለመጥረጊያ ካልተያዘ፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ነጂው ተመልሶ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ስለዚህ በስብሰባው ላይ መስመሩን የሚሠራው ማን እንደሆነ ሲነገር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ የሚጠርገው የትኛው ክፍል እንደሆነም አብሮ በቃለ ጉባኤው ይጻፍ።